አርብ ገበያ በአሮጌ መኪና

እናቴ የታች ጋይንት ተወላጅ ናት። አዲስ አበባ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ ጥምቀት በቀረበ ቁጥር አርብ ገበያ ካለችው ታላቅ እህቷ ስልክ ይደወላል። «ዘንድሮስ ትመጫለሽ ወይስ እንዳምናው ነው?» እናቴ መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ እኔ ታያለች። ጉልበቷን ያማታል፤ አውቶቡስ ላይ ሁለት ቀን መቀመጥ አትችልም። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ቁጠባችንን አሟጠን መኪና የገዛነው ለዚህ ነበር።

የገዛናት ከፍ ብላ የቆመች፣ ጂፕ የምትመስል ትንሽ መኪና ናት። ብዙ ቤተሰብ የሚይዛቸው ራቭ ፎር፣ ቪታራና ቴሪዮስ ከዚሁ ወገን ናቸው፤ የእኛዋ ስም ይቅር። ዕድሜዋ 18 ዓመት ነበር። ደላላው «ቤተሰብ የያዛት ናት፤ ከነዳጅ በቀር ምንም አትጠይቃችሁም» አለን። ቦሎዋ የታደሰ፣ ቀለሟም የሚያበራ ስለነበር አመንነው። ዋጋዋ ግን የአሮጌ ዕቃ ዋጋ አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ስለጣለ፣ ቀድመው የገቡት አሮጌዎች ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ዋጋቸው አልወርድ ብሏል።

በ2015 ዓ.ም. ጥር፣ ማክሰኞ ማለዳ፣ እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆች ይዤ ወጣሁ። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጥላል። እኔ እግሬን ፍሬን ላይ አኑሬ ወረድኩ። ድልድዩ ጋ ሳንደርስ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። እናቴ «ምን አረረ?» አለች። የፍሬኑ ሸራ ነበር። ቁልቁለት የሚወረደው በዝቅተኛ ማርሽ፣ በሞተሩ ጉልበት እየተያዘ ነው፤ አውቶማቲክ መኪናም ዝቅተኛ ማርሽ አለው። ከሽታው ይልቅ የሚያስፈራው የፍሬን ዘይቱ ነው። ዘይቱ በዓመታት ውስጥ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ፍሬኑ ሲግል ያ እርጥበት ይፈላና ፔዳሉ ሳይዝ ይወርዳል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው። የእኛ ዘይት ቡና መስሎ ነበር።

ደብረ ማርቆስ አደርን፤ በማግስቱ በባሕር ዳርና በወረታ በኩል ደብረ ታቦር ገባን። ከከተማዋ አጠገብ ጋፋት አለ፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን በአውሮፓውያን ሚሲዮናውያን እጅ ያሠሩበት ስፍራ። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር አስነሥተው፣ መንገድ እያስጠረጉ በጋይንት ደጋ በኩል መቅደላ እስኪያደርሱት ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። ይህን ስነግራቸው ትንሹ ልጄ «እኛስ ስንት ወር ይፈጅብናል?» አለ። ሁላችንም ሳቅን።

ሐሙስ ጠዋት ከደብረ ታቦር ወደ ክምር ድንጋይ የሚወስደውን ሽቅብ ያዝን። መንገዱ የጉናን እግር ይዞ ይወጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ባሕር ጠረፍ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ 3,000 ሜትር ላይ በ90 ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል፤ የእኛ ክዳን ግን ላስቲኩ ደርቆ ኖሮ ግፊቱን አልያዘም። የሙቀት መርፌው ወደ ቀዩ ተጠጋ፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። ሞተሩን አጥፍቼ ክዳኑን ልከፍት ስጣደፍ እናቴ ከመኪናው ውስጥ ጮኸች፤ «ተው! የፈላ ድስት እንዲህ ይከፈታል?» እጄን ያዳነችው እሷ ናት። እስኪበርድ ጠበቅን።

ክምር ድንጋይ ያገኘነው ወጣት መካኒክ ክዳኑን ቀየረልን። ከዚያም ሳልጠይቀው ከመኪናዋ ሥር ገባ። «ጋሼ፣ ይሄን አይተውታል?» ከማርሹ ኃይል ወስዶ የፊት ጎማውን የሚያዞረው ሰሚያስ ጫፉ ላይ ግሪሱን የሚይዝ ላስቲክ አለው። ላስቲኩ ተቀዶ ግሪሱ ጎማው ላይ ተረጭቷል። «ፎር ዊል ናት አይደል፣ የኋላው ይዞን ይሄዳል» አልኩት። ልጁ ፈገግ አለ። «ከኋላ ምንም የላትም እኮ፤ የምትሄደው በፊቱ ብቻ ነው። አስፋልቱን ታደርስዎታለች። ጠጠሩ ላይ አቧራ ከገባበት ግን እንጃ። እናታችንን ይዘው ገደል ዳር አይቁሙ።»

ምክሩን ሰማን። መኪናዋን ነፋስ መውጫ አንድ ሆቴል ግቢ ትተን፣ እናቴን ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ አስቀምጠን ወደ ታች ጋይንት ሄድን። እህቷ ደጅ ወጥታ ትጠብቅ ነበር። ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ታላቂቱ ቀና ብላ «የታለች መኪናሽ?» አለቻት። «ደክሟት ነፋስ መውጫ አረፈች» አለች እናቴ። በማግስቱ አርብ ነበርና ልጆቼ የከተማዋ ስም ከየት እንደመጣ በዓይናቸው አዩ። ከገጠሩ የመጣው ሕዝብ እህሉን በአህያ ጭኖ፣ በጉን እየነዳ ገበያውን ሞላው። ሁለቱ እህትማማቾች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲዞሩ ዋሉ። ጉልበቷን የሚያማት ሴት የት እንደሄደች አላውቅም።

አዲስ አበባ ስንመለስ የእውነተኛው ሒሳብ ጊዜ መጣ። ሰሚያስ፣ ቡሽ፣ የጎማ ኩሽኔታ፣ የፍሬን ሸራ፣ አራት ጎማ። ከሶማሌ ተራ የተገዛው አንድ ያገለገለ ዕቃ በሁለት ወሩ ስለተበላሸ ሁለት ጊዜ ከፈልን። ባለቤቴ ሁሉንም በደብተር ጻፈችው፤ በአንድ ዓመት ለጥገና የወጣው ከመግዣዋ ዋጋ ስድስት እጅ አንዱን አለፈ። ነዳጅ፣ ቦሎና ኢንሹራንስ እዚህ ውስጥ የሉም። ሕግ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን መድን በሌላው ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ ለራስ መኪና አይከፍልም። ኋላም፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚመጣ የዕቃ ዋጋ በደብተሩ ላይ ካለው ርቋል።

ስለዚህ ለልጅ ልጆቻችሁ አገራቸውን ለማሳየት እንዲህ ያለ መኪና የምታስቡ ካላችሁ፣ ብሩን ሁሉ ለሻጩ አትስጡ። ስድስተኛውን እጅ ለጥገና አስቀሩ። መካኒኩን ራሳችሁ ምረጡ፤ መኪናዋ ከፍ ብላ ከሥሯ ትታይ። ሞተሩ ሌሊቱን በርዶ ያደረ እያለ ይነሣ፤ ሰማያዊ ጭስ ካለው ዘይት ይበላል። የአውቶማቲክ ማርሽ ዘይት ጠቁሮ የሚሸት ከሆነ ተመለሱ። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፤ 2318 ማለት በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም ያረጃል።

ከዚያ ጥር በኋላ የክልሉ መንገድ እንደ ልብ የሚሄዱበት አልሆነም። እህቷ ዛሬም ኔትወርክ ባገኘች ቀን ትደውላለች፤ «ዘንድሮስ?» እናቴም እንደ ድሮው ወደ እኔ ታያለች። መኪናዋ ግቢያችን ቆማለች። የራዲያተር ክዳኗ አዲስ፣ የፍሬን ዘይቷ ንጹሕ፣ ሰሚያሷ የተቀየረ ነው። የምንጠብቀው መንገዱን ነው።