ስለ አንዲት የዘገየች ደብዳቤ

የመሥሪያ ቤት ሰው ወረቀትን እንደ ወረቀት ብቻ መመልከት ይቀናዋል። እኔም በፍኖተ ሰላም በጽሕፈት ሥራ ላይ ሳለሁ እንዲሁ ነበርሁ። አንድ ቀን ለዝሆኔ በሽታ ጥናት የቀበሌዎችን ዝርዝር የምትጠይቅ ደብዳቤ ደረሰችኝ፤ እኔም «ደግሞ ሌላ ጥናት!» ብዬ ከመዝገብ ሥር አኖርኋት። ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚያው ተኛች።

በዚያው ሰሞን በቡሬ ገጠር የሚኖሩትን አክስቴን ልጠይቅ ሄድሁ። እግራቸው ካበጠ ብዙ ዘመን ሆኖአል፤ ሰርግ ሲኖር ቤት ጠባቂ፥ ቤተ ክርስቲያን ሲሳም ከሰው ሁሉ ኋላ የሚቆሙ እርሳቸው ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ለጋብቻ የጠየቁ ሰዎችም የአያቲቱን እግር አይተው ተመልሰዋል። «ልጄ፥ የዘር ነው፤ ምን ይደረጋል?» አሉኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ነገር ግን አክስቴ እግራቸውን ቢገልጡ እንኳ፥ ስለ እርሳቸው የምትጠይቀው ደብዳቤ በእኔ መዝገብ ሥር ተኝታ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በአገራችን ባደረጉት ምርመራ፥ በሽታው ከደጋው ቀይ አፈር ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረድተዋል። በባዶ እግር በሚሄድ ሰው ቆዳ በኩል የአፈሩ ደቂቅ ቅንጣት እየገባ እግርን ያሳብጣል እንጂ፥ በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ደግሞ የሚወረሰው በአፈሩ የመጠቃት ዝንባሌ መሆኑን አመለከተ። እንግዲህ አክስቴ እኩሌታውን እውነት ተናግረዋል፤ የቀረው እኩሌታ ግን በጫማና በሳሙና የሚከለከል ነው።

ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ከሌሎች ጋር ተባብሮ በ1,315 መንደሮች ጥናት አካሄደ። በትንኝ የሚተላለፈው የእግር እብጠት በመልኩ ከዚህኛው ጋር ስለሚመሳሰል፥ ሁለቱ በደም ምርመራ ተለዩ፤ ያለዚያ የትሉ መድኃኒት ለአፈሩ በሽታ በከንቱ ይታደል ነበር።

አስተባባሪ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። አፈር የሚያውቀው ደም አይመረምርም፤ ደም የሚመረምረው የቡሬን ገጠር መንገድ አያውቅም፤ መንገዱን የሚያውቀው ጸሐፊ ደብዳቤውን ካስተኛው ግን የሁሉም ድካም ይቆማል።

በተመለስሁ በማግሥቱ ዝርዝሩን ጽፌ ላክሁ። ለአክስቴም ሳሙናና ሰፋ ያለ ጫማ ወሰድሁላቸው። እብጠቱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ የልጅ ልጃቸው ግን ወደ ውኃ ስትወርድ እንኳ ጫማዋን አታወልቅም። እኔም ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ በደረሰኝ ቍጥር፥ ከወረቀቱ በስተኋላ ማን ቆሞ እንደሚጠብቅ አስቀድሜ ራሴን እጠይቃለሁ።