ከሰባታሚት እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት

ሰባታሚት ከባሕር ዳር ከተማ በስተ ደቡብ ወጣ ብላ የምትገኝ መንደር ናት። እኛ ባልና ሚስት ትዳር ከመሠረትንበት ቀን ጀምሮ በዚያው እንኖራለን። ከደጃችን ሆኖ ሐይቁ አይታይም፤ ነገር ግን በዓል ሲደርስ ስንቃችንን ቋጥረን ወደ ጣና ዳር መውረድ የቤታችን ልማድ ከሆነ ብዙ ጊዜ ነው። የራሳችን ጀልባ የለንም። ከወር ወር የምናጠራቅማት ጥቂት ገንዘብ ግን ለጀልባ መሳፈሪያ ትውላለች። ጎረቤቶቻችንም «ገንዘባችሁን ውኃ ላይ ትጥሉታላችሁ» እያሉ ይቀልዱብናል።

ውድ አንባቢያን፥ ዛሬ የምንተርክላችሁ ስለ 2011 ዓ.ም. የኪዳነ ምሕረት በዓል ነው። በዚያ ዓመት የካቲት 16 ቀን ቅዳሜ ውሎ ነበር። ጾመ ነነዌ ተፈጽሞ፥ ዐቢይ ጾም ሊገባ 9 ቀን ብቻ ቀርቶት ስለ ነበረ፥ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚሻገረው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር።

ወደ ዘጌ የምንሄድበት ምክንያት አለን። ከባሕር ዳር በጀልባ ለሚነሣ ሰው በቅርብ ከሚታዩት ደሴቶች አንዱ ክብራን ገብርኤል ነው። ወደዚያ ሴት አትገባም፤ ይህ የገዳሙ የቆየ ሥርዓት ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ባልየው ብቻውን ወጥቶ ሲሳለም ሚስቲቱ በጀልባ ላይ ተቀምጣ ጠብቃዋለች። በዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ወንዱም ሴቱም በአንድነት ስለሚሳለም፥ የሁለታችን በዓል አድርገን ያዝነው።

ያን ዕለት ጎሕ ሲቀድ ከወደቡ ደረስን። አንዲት የሞተር ጀልባ ሞልታ ልትነሣ ነበር። ወንበሩ ሁሉ ተይዞ፥ ሰው በጠርዟ ላይ ሳይቀር ተቀምጧል። ነጂው ወጣት «እትዬ፥ ይግቡ እንጂ፤ ቦታ አይጠፋም» አለ። ሚስቲቱ የጀልባዋን ጠርዝና ውኃውን አስተያየች፤ በመካከላቸው የቀረው ከአንድ ስንዝር እምብዛም አይበልጥም። «የለም ልጄ፥ የሚቀጥለውን እንጠብቃለን» አለችው። ባልየው «ታቦቱ ሲወጣ ሳንደርስ ልንቀር ነው» ብሎ አጉረመረመ። በጀልባዋ የነበሩት የሰፈራችን ሰዎች ሳቁ። በአደባባይ እንዲህ መሳቂያ መሆን ለአንድ ባል ቀላል ነገር አይደለም።

በዳር ባለው ድንጋይ ላይ የተቀመጡ አንዲት እማሆይ ግን «ልጆቼ፥ እኔም የቀረሁት እንደ እናንተው ነው፤ ኑ፥ አብረን እንቀመጥ» አሉን። ከመቋጠሪያቸው ዳቦ ቈርሰው ሰጡን።

የሚስቲቱ ፍርሃት ያለ ምክንያት አልነበረም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ፥ ስፋቱም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሰፊና ጥልቀቱ ያነሰ ውኃ ነፋስ ሲነካው ሞገዱ ፈጥኖ ይነሣል፤ አከታትሎም ይመታል። ጠዋት እንደ መስተዋት ጸጥ ያለው ሐይቅ ከቀትር በኋላ ይታወካል።

ሁለተኛይቱ ጀልባ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጣች። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ነበራት። በመንገዳችን ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች እንጨት ጭነው ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲቀዝፉ አገኘን፤ ነጂያችንም ሞገዱ እንዳያናውጣቸው ሞተሩን አበረደላቸው። ሴቶቹ እያጨበጨቡ ዘመሩ፤ እልልታው ከውኃው በላይ ሩቅ ይሰማ ነበር።

ከዘጌ ወርደን በቡናው ጫካ መካከል ሽቅብ ስንወጣ የከበሮው ድምፅ ተቀበለን። ታቦቱ ገና አልወጣም ነበር። የዘጌ ሰዎች እንደሚተርኩት፥ በአባታችን በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ምክንያት በዚያ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው፤ ሕዝቡ የኖረው በቡና፥ በጌሾና በሎሚ ነው። ደኑም እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ነው ይላሉ። ታቦቱ ወጥቶ ክቡን ቤተ ክርስቲያን ሦስት ጊዜ ሲዞር ሕዝቡ ከዛፎቹ ሥር በግንባሩ ተደፋ። ከዚያ በኋላ በጥላው ሥር ተሰብስበን ጠላውን፥ ዳቦውንና ወጡን ተካፈልን። ጠዋት የሳቁብን ጎረቤቶችም ከማዕዳችን ቀረቡ። ጀልባቸው በሰላም ደርሳ ነበር፤ ይህን ልንሸሽግ አንወድም።

ወደ ማታ ነፋሱ ተነሣ። ከሐይቁ ዳር ስንወርድ ጀልባዎቹ እየተንገጫገጩ ሰው ይጋፋ ነበር። ባልየው ሞገዱን ጥቂት ተመለከተና ወደ ሚስቲቱ ዞሮ «እንደር» አላት። እማሆይ ከአንድ ዘመዳቸው ቤት ወሰዱን። እንግዳ ተቀባዮቹ ቡና አፍልተው፥ መደቡን ለቀውልን እነርሱ ከምድጃው አጠገብ ተኙ። ከሦስተኛው ስኒ በኋላ ባልየው፥ ጠዋት ስላጉረመረመ በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቃት። በትዳራችን ዘመን እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር። በማግሥቱ እሑድ ቅዳሴ አስቀድሰን ጸጥ ባለው ውኃ ተመለስን።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ከዓለም የብዝኀ ሕይወት ጥብቅ ስፍራዎች መካከል የመዘገበው ይህ ሐይቅ በእንቦጭ አረም እየተጠቃ ነው፤ አረሙ በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻው ተስፋፍቷል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭት ከተነሣ በኋላም ጉዞው እንደ ልብ አልሆነልንም፤ በበዓሉ ቀን ከቤታችን የቀረንበት ዓመት አለ።

ቤተሰቡን ይዞ በጀልባ ወደ በዓል የሚሄድ ሰው ቢኖር፥ በማለዳ ይነሣ፤ ከልክ በላይ የሞላች ጀልባ ላይ አይሳፈር፤ ሚስቱ «እንቆይ» ስትለው ይስማት፤ የበላበትንም ፌስታል ወደ ውኃው አይጣል። እኛም ከዚያ በዓል መልስ ሁለት የመንሳፈፊያ ሰደርያ ገዝተናል። ዛሬም በሰባታሚት ቤታችን ከበሩ ኋላ፥ ከነጠላውና ከጋቢው ጎን ተሰቅለው የካቲት 16ን ይጠብቃሉ። ለሁላችንም በሰላም ያድርሰን።