ከግድግዳው ጀርባ



በየጁምዓው ሱረቱል ከህፍን የሚቀራ ሁሉ የዚያን ግድግዳ ነገር ያውቃል። ነቢዩላህ ሙሳና ኸድር (ዐ.ሰ) እንግድነት ከነፈገቻቸው ከተማ ሲደርሱ ሊወድቅ የተቃረበ ግድግዳ አገኙ፤ ኸድርም አቀናው። ሙሳ (ዐ.ሰ) ለዚህ ሥራ ዋጋ መቀበል ይቻል እንደነበር አነሱ። ከግድግዳው ሥር ግን የሁለት የቲሞች ሀብት ተቀብሮ ነበር። ቤት ማደስ፣ የእጅ ዋጋ፣ ከግድግዳ በስተጀርባ የተሰወረ ነገር፣ ሦስቱም በዚህ አንድ ታሪክ ውስጥ ይገኛሉ። እናንተም ወይ ሠራተኛ የምትቀጥሩ፣ ወይ ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ናችሁና፣ ቤታችን የገጠመንን ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ዛሬ በከተማችን በብዙ አፓርታማዎች ክፍል የሚከፈለውና ኮርኒስ የሚሠራው በጂፕሰም ቦርድ ነው። ጂፕሰም ማለት የምናውቀው የጀሶ ድንጋይ ሲሆን፣ በአገራችን በአባይ ሸለቆ ይገኛል። ቦርዱ የሚሠራው ጀሶውን በሁለት ወፍራም ወረቀቶች መካከል በማጠንከር ነው። የተለመደው 1.20 ሜትር ስፋት፣ 2.40 ሜትር ቁመትና 12.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ቀላል ነው፤ ቶሎም ይሠራል። ጀሶ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል ውኃ በውስጡ አስሮ ስለሚይዝ እሳትን ለጊዜው ይገታል። ከውጭ የሚመጣ ውኃ ግን ጠላቱ ነው። ውኃ ሲነካው ወረቀቱ ይላቀቃል፣ ጀሶው ይላላል፣ ሻጋታም ያበቅላል።

ባለፈው ክረምት የልጆቻችን ክፍል ግድግዳ እንዲሁ ሆነ። ቦርዱ አብጦ፣ ልጆች ሲደገፉት ተቀደደ።

የሚስማር ቀዳዳና ትንሽ ስንጥቅ ቢሆን ኖሮ ሠራተኛ ባላስፈለገን። አቧራውን ጠርጎ፣ በስቱኮ ሞልቶ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ መቀባት ማንም የሚችለው ነው። ከጭብጥ የሰፋ ቀዳዳ ግን በስቱኮ ብቻ አይያዝም። የተጎዳው ክፍል በአራት ማዕዘን ተቆርጦ ይወጣል፤ ከጀርባው እንጨት ይደገፍለታል፤ በልኩ የተቆረጠ አዲስ ቦርድ በብሎን ይታሰራል፤ መጋጠሚያው ላይ ወረቀት ይለጠፋል። ከዚያም ስቱኮው በስሱ ሦስት ጊዜ ይቀባል፤ እያንዳንዱም የፊተኛው ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ፣ ከፊተኛው ሰፋ ተደርጎ ነው። ከመቁረጥ በፊት መብራቱን ከቆጣሪ ማጥፋት፣ ሲፋቅም አፍና አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል።

ሠራተኛ ስንፈልግ የመድየኗን ልጅ ምክር አሰብን። ሙሳን (ዐ.ሰ) እንዲቀጥሩ ለአባቷ ስትነግራቸው ያነሳችው ሁለት ነገር ነበር፤ ብርታትና ታማኝነት (አል-ቀሶስ 26)። ብርታቱን ለማወቅ አስቀድሞ የሠራውን ቤት ሄደን አየን፤ ታማኝነቱን ለማወቅ የዚያን ቤት ባለቤት ጠየቅን። አንድ ወጣት ባለሙያ ተመረጠ።

ባለቤቴ ወረቀትና እስክሪብቶ ስታመጣ አንድ ዘመዳችን፣ «በሙስሊም መካከል ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ?» አለ። እርሷም ከቁርአን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ (አል-በቀራህ 282) የሚናገረው ዕዳን ስለ መጻፍ መሆኑን አስታወሰችው። ስለዚህ የሚሠራውን ሥራ፣ ዕቃውን ማን እንደሚገዛ፣ የእጅ ዋጋውንና ቀኑን ጻፍን። ሲሶው በቀብድ እንዲሰጥ፣ ቀሪውም ቀለሙ ደርቆ ከታየ በኋላ እንዲከፈል ተስማምተን ፈረምን።

ሥራው በአራት ቀን አለቀ። ቀሪው ሊከፈል ባለበት ዋዜማ ግን አዲሱ ቀለም ላይ ቢጫ እድፍ ብቅ አለ።

አንባቢ ሆይ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? የሰማ ሁሉ፣ «አትክፈሉት፣ ይማርበት» አለን። ገንዘቡ በእጃችን ነው፤ ወጣቱ ደግሞ የቤት ኪራዩ ደርሶበታል። በዚያች ሌሊት ሁለት ሐዲሶች በፊታችን ቆሙ። አንደኛው ቡኻሪ የዘገቡት ሲሆን፣ አላህ (ሱ.ወ) በቂያማ ቀን ከሚከራከራቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ሥራውን አሟልቶ ተቀብሎ፣ ዋጋውን የከለከለ መሆኑን ይነግረናል። ሁለተኛው ሙስሊም የዘገቡት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ውስጥ ከእህል ክምር እጃቸውን ቢያስገቡ ውስጡን እርጥብ ሆኖ አገኙት፤ እርጥቡን ከሥር ሸሽጎ ደረቁን ያሳየውን ነጋዴም አጥብቀው ገሠጹት። እርጥብ ግድግዳ ላይ ቀለም የሚቀባ ሰው ከዚያ ነጋዴ በምን ይለያል?

እንግዲህ ወጣቱ አታሎን ከሆነ እርሱ ተጠያቂ ነው፤ ካላታለለ ደግሞ የከለከልነው እኛ ነን። ከእድፉ ብቻ ይህን መለየት አይቻልም። ወሬ ሲመጣ አጣሩ የሚለው የሱረቱል ሑጁራት ትእዛዝ ለሳሎን ወሬም፣ ለግድግዳ እድፍም ይሠራል። ስለዚህ ጠርተነው፣ የሠራውን በራሱ እጅ በፊታችን እንዲከፍት ጠየቅነው። ፊቱ ቢጠቁርም እሺ አለ።

ቢከፈት መጋጠሚያው ጠንካራ ነበር። እንጨቱም በቦታው ነው። ውኃው ግን ከበላያችን ካለው ቤት ቧንቧ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ጠብ ማለት የጀመረ አዲስ ፍሳሽ ነበር፤ ከላይ ወደ ታች የወረደበት መስመር በዐይን ይታያል። ቀሪ ሒሳቡን እዚያው ቆመን ከፈልነው። ዳግመኛ ለሚሠራው ሌላ ዋጋ ተነጋግረን ሌላ ወረቀት ጻፍን። በላያችን የሚኖሩት ክርስቲያን እናት ሲነገራቸው፣ «ልጆቼ፣ ዛሬውኑ ይሠራል» ብለው ቧንቧውን አስቀየሩ። አዲሱ ቦርድ የተለጠፈውም ፍሳሹ መቆሙ ከተረጋገጠና ውስጡ ከደረቀ በኋላ ነው።

ውድ ወንድሜና እህቴ፣ ሠራተኛ ስትቀጥሩ ውሉን ጻፉ፤ ጥፋት ሳይጣራ የሰው ሐቅ አትያዙ። አንተም ባለሙያ ወንድሜ፣ እርጥበት ካየህ ከመሸፈንህ በፊት ለባለቤቱ ተናገር፤ የዛሬው ሥራ ቢዘገይብህም ገንዘብህ ሐላል ይሆንልሃል። ልጆቻችን በዚያ ክፍል ውስጥ ቆመው ሁሉንም ያዩ ነበር። ስለ ሠራተኛ ሐቅ ብዙ ነግረናቸው እናውቃለን፤ ሲከፈል ያዩት ግን ያን ቀን ነው።

አላህ (ሱ.ወ) የሰው ሐቅ በትከሻችን ላይ ይዘን ወደርሱ ከመመለስ ይጠብቀን። አሚን።