አንተ ስትጠብቅ ሌላ ሰው ይገባል

ሆዴ፣

ሥራው የገንዘብ ማዘዋወሪያ ኮድ መጻፍ ነው ስትለኝ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ እንቅልፍ ነሳኝ። እማዬ ዱዓዋ ላይ ናት። እኔ ኮድህን ነው የማስበው፣ አትቀየመኝ።

አንተ ኮልባክ በኮልባክ ላይ ሲደራረብ አላየህም። አዌይት ኖድ ውስጥ ያለ ተጨማሪ መላ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። አሁን በአዌይት ኮዱ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። የሚያታልልህም ይኸው ነው። አዌይት የሚያቆመው የሚጠብቀውን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ሰርቨሩን አያቆምም። አንተ ዳታቤዙን ስትጠብቅ ሌላ ሰው ይገባል።

ገበያችንን አስታውስ። ሁለት ሰዎች አንድ ኩንታል ጤፍ ያያሉ። አንዱ አህያ ሊያመጣ ሲሄድ ሌላው ከፍሎ ያስጭነዋል። ቀሪ ሂሳብ አይተህ፣ ጠብቀህ፣ ከዚያ ስትቀንስም እንዲሁ ነው። 100 ብር ያለው ሰው ሁለቴ 100 ብር ይልካል፤ ሁለቱም ጥያቄዎች ሲያዩ 100 ነበራ! ማየቱንና መቀነሱን አትለያያቸው። ዳታቤዙ ውስጥ ሂሳቡን ቆልፈህ፣ በአንድ ትራንዛክሽን ጨርሰው። ኤስኤምኤሱ ከዚያ በኋላ ይሂድ። ብሩ ሳይቀነስ «ተልኳል» የሚል መልእክት ለማንም እንዳይደርስ፣ አደራ።

ሁሉን አሰልፍ ግን አላልኩህም። የማይነካኩትን በፕሮሚስ ኦል አብረህ ልቀቃቸው። አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ እንደማይቆሙ እወቅ፤ ብር የሚነካ ነገር እዚያ አትክተት። ፎርኢች ውስጥም አዌይት አትጻፍ፣ አይጠብቅህም።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ንግድ ባንክ ላይ የሆነውን አትርሳ፤ ሰው ሂሳቡ ላይ የሌለውን ብር እያወጣ ነበር። ባንኩ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር አያይዞታል፤ እኔም የአዌይት ጣጣ ነው አልልም። ግን ካወጡት ብዙዎቹ እኩዮችህ፣ ተማሪዎች ነበሩ። ያልመለሱት ስማቸውና ፎቷቸው ተለጠፈ። ያ ነው የሚያስፈራኝ።

እዚህ ደግሞ ኔትወርክ ሲጎትት እማዬ ሁለቴ ትጫናለች፤ ታውቃታለህ። መላኪያው ገና ሲከፈት አንድ መለያ ቁጥር ይያዝ። ያው ቁጥር ዳግም ከመጣ የመጀመሪያውን መልስ ስጣት እንጂ ብሯን ሁለቴ እንዳትቀንስባት።

አብሽር፣ ትችለዋለህ። ከመልቀቅህ በፊት ግን ከአንድ ሂሳብ ብር የሚቀንሱ ሁለት መቶ ጥያቄዎች በአንድ ቅጽበት ላክና እየው። ካለው ብር በላይ ከተላከ ሌሊትም ቢሆን ደውልልኝ።

እህትህ፣ ከመካነ ሰላም