አሮጌው ላፕቶፕ አይጣል

ደባርቅ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ብቻ ላፕቶፓችሁን አትጣሉ። ራሙ 2 ጊጋባይት ለሆነ ማሽን እኔ አንቲኤክስ የተባለውን የሊኑክስ ሲስተም እመርጣለሁ፤ መሠረቱ ዴቢያን የተባለው ሊኑክስ ነው። ፓፒ ሊኑክስ ደግሞ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሽ ተነስቶ ራም ላይ ይሠራል።

በአንቲኤክስ በጣም የምወደው ግን የፓኬጆቹን፣ ማለትም የፕሮግራም ጥቅሎቹን፣ ነገር ነው። በአፕት-ጌት ትእዛዝ የወረደ ፓኬጅ ካልጠረጉት በቀር ዲስኩ ላይ ይቆያል። በፍላሽ ገልብጣችሁ ዳባት ላለ ጓደኛ ብትሰጡት፣ የሁለታችሁ ሲስተም አንድ ዓይነት እትም እስከሆነ ድረስ እሱ ለዚያ ፓኬጅ የኢንተርኔት ዳታ አያወጣም። ዳታ ውድ ለሆነበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው! ለደብዳቤ አቢወርድ፣ ለሂሳብ ሠንጠረዥ ግኑሜሪክ የተባሉት ፕሮግራሞች ይበቃሉ። አቢሲኒካ የተባለው የግዕዝ ፎንትም በዴቢያን ፓኬጆች ውስጥ አለ። ፍላሽ ያላችሁ ኑ፣ ፓኬጆቹን እገለብጥላችኋለሁ።