ያለ ምክንያት ደጅ ማደር

በግንቦት ልደታ ወደ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ብቅ ያለ ሰው መኪና ማቆሚያው ላይ ጉልቻ ተጎልቶ ያገኛል። ስንዴው፣ ባቄላውና ሽምብራው ባንድ ድስት ይንተከተካል፤ ቄጤማ ተጎዝጉዞ ቡና ይፈላል። አራተኛ ፎቅ ያሉት በርጩማቸውን ይዘው ይወርዳሉ። ሐና እመቤታችንን የወለደቻት ከቤቷ ርቃ በሊባኖስ ተራራ ነው ተብሎ ስለሚታመን በዓሉ የሚከበረው ደጅ ነው። ዓመቱን ሙሉ በሩን ዘግቶ የሚኖረው ጎረቤት ሁሉ ያን ዕለት ጭስ እየሞቀ ንፍሮ ይዘግናል። ስሙን ከእንዲህ ያለ በዓል ያገኘ ሰፈር፣ ከቤት ውጭ መዋልና ማደር ሊገርመው አይገባም ነበር።

ግን ይገርመዋል። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ አንድ የሕንጻችን ወጣት የተጠቀለለ ድንኳን ትከሻው ላይ አድርጎ ደረጃውን ሲወርድ፣ ምድር ቤት የሚኖሩት እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቅ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እትዬ። ወንጪ ልናድር ነው።»

«ዘመድ አላችሁ እዚያ?»

«የለንም።»

«ስለት ነው?»

«አይ፣ እንዲሁ ነው።»

«ቤት እያላችሁ?»

ልጁ ሳቀ፤ እኔ ግን ጥያቄው ትክክለኛ መስሎ ታየኝ። በእኛ ሰፈር ድንኳን የእድር ንብረት ነው። ከተተከለ ወይ ለቅሶ ነው፣ ወይ ሰርግ ነው። ከሰፈር ወጣ ብለን ብናየውም ደጅ ማደር ሁልጊዜ ባለቤት አለው። በከተራ ዕለት፣ ጥር 10፣ ታቦቱ ውኃ ዳር በድንኳን ያድራል፤ ምእመኑም አብሮት ያነጋል። ገበሬው ማማ ላይ የሚያድረው አሳማ እህሉን እንዳይጨርስበት ነው። ዘማቹ ለንጉሡ፣ ተሳላሚው ለነፍሱ ያድራል። ውኃ ዳር፣ ዛፍ ሥር፣ እሳት ዙሪያ ማደሩን ከማንም አልተማርነውም። አዲሱ ነገር ለማንም ሳይሉ፣ ለምንም ሳይሉ ማደሩ ነው።

እርግጥ አንድ ጊዜ ለምቾት ተብሎ ታድሮ ያውቃል፤ መዘዙም ቀላል አልነበረም። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ እየወረዱ ፍልውኃ ይታጠቡ ነበር። መኳንንቱም ተከትለው ሜዳው ላይ ድንኳን ይተክላሉ። እቴጌይቱ ቦታውን ወደዱት፣ ቤት መሥሪያም ጠየቁ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ከልደታ ፍልውኃ ድረስ በእግር ይኬዳል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሕንጻ፣ ቀለበት መንገድና የቀበሌ ወረፋ የመጣው በመሠረቱ ከአንድ የእረፍት ሰፈራ ነው።

የሰፈረ ሰው ግን ማገዶ ያነዳል። የዚያ ዘመን መናገሻ አንዱ ችግር ማገዶ ነበር፤ በዙሪያው ያለው ዛፍ ሲያልቅ ሰፈሩ ተነቅሎ ወደ ሌላ ደን ይሄዳል። አዲስ አበባም ተራዋ ደርሶ፣ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማዋን እዚሁ ያስቀራት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆርጡትም መልሶ ያቆጠቁጣል። ጥዱ ግን እንደዚያ አይመለስም። ከዚህ ታሪክ የምረዳው፣ አያቶቻችን ድንኳን መትከልና መንቀል ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ የነቀሉበትን መሬት ግን ዞረው የማያዩ ሰዎች እንደነበሩ ነው።

ወንጪ የተነሣሁበት ጉዳይ ነውና ልመለስ። ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ አንድ እሳተ ገሞራ አፉን ከፍቶ ውኃ ይዟል። አፋፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ ከልደታ በአንድ ጃኬት የሄደ ልጅ ማን ሞተ መባሉ ያኔ ይገባዋል። ቁልቁለቱን በፈረስ ይወርዱታል። ሐይቁ መካከል ቂርቆስ የተተከለባት ደሴት አለች፤ በጀልባ ይሻገሩባታል። ሸለቆው ውስጥ ፍልውኃ ይፈላል፤ እቴጌ ጣይቱ ቢያዩት ከተማው ሌላ ቦታ በሆነ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። በ«ገበታ ለሀገር»ም መንገድና ሎጅ ተሠርቶለታል። ሎጁን አልነቅፍም። ነገር ግን በቴሌግራም ተጠራርተው፣ አዋጥተው፣ ሚኒባስ ተኮናትረው የሚሄዱት የእኛ ሰፈር ልጆች የሚችሉት ድንኳኑን ነው፤ ሣሩ ላይ የመተኛት መብትም ከአልጋው እኩል ሊታሰብበት ይገባል። ለወንጪው ባለእንሰት ገበሬ ግን የልጆቹ ነገር እንቆቅልሽ ነው። እሱ ከዚያ ብርድ ሊሸሽ ጎጆውን ይዘጋል፤ እነሱ ገንዘብ ከፍለው ብርዱ ውስጥ ይገባሉ።

እሳቱ ላይ ግን ከልጆቹ ጋር እጣላለሁ። ማታ ማታ ለዘፈንና ለፎቶ ተብሎ የሚነደው ግንድ የአንድ ቤት የሳምንት ማገዶ ነው። ለሻይ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይበቃል፤ ለብርዱም ጋቢ አለ። በላንጋኖ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ቅዳሜ ግራር ሥር ድንኳን ተክሎ «እንዴት ያለ ጥላ ነው!» ያለ ሰው፣ እሑድ ሲመለስ መንገድ ዳር ከተደረደረው ከሰል ሁለት ጆንያ ፖርቶመጋላው ላይ ይጭናል። ከሰሉ የዚያው የስምጥ ሸለቆ ግራር ነው። ጥላውንም ዛፉንም ባንድ ቅዳሜና እሑድ መጨረስ ማለት ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ለዚያ ወጣት ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀ፤ ለሚቀጥለው የላንጋኖ ጉዞ ምድጃ ሊዋስ ቃል ገባ። እትዬም ከበራቸው ሆነው ይሰሙን ኖሮ «ላንጋኖ ነው ያልከው?» አሉት፤ ፊታቸው በራ። «እንግዲያው አንድ ጆንያ ከሰል አምጣልኝ፤ የዚያ አገር ከሰል ጠንካራ ነው።» ለጉዞው ምክንያት ተገኘለት።