«ወደ ቤቴ ውሰዱኝ»

«እርጅና ነው፤ ጃጅተዋል» የሚለው አነጋገር በየሰፈራችን የተለመደ ነው። የእናታችንን ነገር ግን ሐኪሙ እርጅና ብሎ አላለፈውም፤ አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ ነው አለን። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 (እ.ኤ.አ.) ለሙያ ባልደረቦቹ የገለጸው፣ እስከ ዛሬም የሚያድነው መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ ነው።

ከእናታችን ቀድሞ የጠፋው የሰው ስም ሳይሆን መንገድ ነበር። ከሱቅ ሲመለሱ የገዛ በራቸውን አልፈው ይሄዳሉ። ለካስ ያለንበትን ቦታና አቅጣጫ የምናውቅበት የአንጎል ክፍል በሽታው ቀድሞ ከሚያጠቃቸው አንዱ ኖሯል። የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት ይህንኑ በቨርቹዋል ሪያሊቲ ፈትነውታል። ይህ ዐይንን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ ሰውን በሌለበት ቦታ ያለ የሚያስመስል መነጽር ነው። ተፈታኙ መነጽሩን አድርጎ ከምልክት ወደ ምልክት ይራመድና «አሁን ወደ መነሻህ ተመለስ» ይባላል። የአልዛይመር ምልክት የታየባቸው ሰዎች መነሻቸውን ከሌሎቹ ይበልጥ ሳቱት።

እናታችን ደግሞ በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ። ቤታቸው ያሉት ደሴ ነው፤ አዲስ አበባ ከገቡ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የእህታችን ልጅ ከውጭ ሲመጣ ይህን መነጽር ይዞ መጣ። ደሴም ወርዶ ከሸዋ በር እስከ ፒያሳ ያለውን ዙሪያውን ቀረጸ።

ታላቅ ወንድማችን ግን ተቆጣ። «እናት አይታለልም! የሌሉበትን አለሽበት ልትሏቸው ነው?» አለ። እህታችን በበኩሏ «ደስ ካላቸው ምን ክፋት አለው?» አለች። ክርክሩ ሁለት ቀን ፈጀ። እውነቱን ለመናገር የሁለቱም ነገር ሚዛን ይደፋል። በመጨረሻ «እማ፣ ይህ ፊልም ነው፤ ደሴን እናሳይዎት» ብለን አስቀድመን ልንነግራቸው ተስማማን።

ወንበር ላይ አስቀምጠን እጃቸውን ያዝን፤ መነጽሩ ያዞራልና ቆሞ መሞከር አይገባም። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም አንገታቸውን ቀና አድርገው «ይሄማ ጦሳ አይደለም እንዴ!» አሉ። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ መነጽሩን አወለቅንላቸው፤ ወሬው ግን አላቆመም። አባታቸው ከአረብ ገንዳ ስለገዙላቸው ሻሽ፣ ውኃ ሲቀዱ ስለተሰበረ እንስራ፣ ማናችንም ሰምተነው ስለማናውቀው በልጅነቱ ስለሞተ ወንድማቸው አጫወቱን።

ከእራት በኋላ ደሴን ማየታቸውን ረስተውት ነበር። በዚህ ረገድ የተደረጉት ጥናቶች አብዛኞቹ በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። አንዳንዶቹ ስሜትንና ትኩረትን እንደሚያነቃቃ ይገልጻሉ፤ የጠፋን ትዝታ ይመልሳል ብሎ የሚሸጥላችሁን ነጋዴ ግን አትመኑት። እኛን የጠቀመን ከመነጽሩ በኋላ ያለው ጨዋታ ነው። መነጽሩ ብቻውን ሰውን ጥግ አስቀምጦ ዝም ማሰኛ ከሆነማ ባይመጣ ይሻላል።

የወንድማቸውን ስም ከእናታችን አፍ ተቀብለን ጽፈነዋል። ሙሐመድ ይባል ነበር። አሁን ጁምዓ ጁምዓ መነጽሩን የሚያስርላቸው ያ የተቆጣው ታላቃችን ነው፤ «ፊልም ነው፣ እማ» ማለቱንም አይተውም።